በጣና ላይ ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ዓሣ ስለ ማጥመድ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ አንድን ጉዳይ፣ ማለትም ከሚንቀሳቀስ ጀልባ ኋላ መንጠቆ እየጎተቱ ዓሣ ማጥመድን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው፣ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ቶሮንቶ መኖር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እዚያ በኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ሳልመንና ትራውት የሚባሉትን ዓሦች ከጀልባ ኋላ መንጠቆ እየጎተተ ያጠምዳል። ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሣጥን የሚያብለጨልጭ ማባበያና ዳውንሪገር የሚባል ከባድ የእርሳስ ኳስ ያለው መሣሪያ አምጥቶ ትቶልኝ ሄደ። ይህ ዕቃ ለጣና ይሆናል? ለመሆኑስ በጣና ውስጥ የሚሸሽ ማባበያ የሚያሳድድ ዓሣ አለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ዘንጎቹ ይሠራሉ፤ ከማባበያዎቹም ከፊሎቹ ይሠራሉ፤ ዳውንሪገሩን ግን ያስቀምጡት። ምክንያቱ ሁለቱ ሐይቆች በጥልቀትም በሙቀትም እጅግ የሚለያዩ መሆናቸው ነው።

የኦንታሪዮ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ 244 ሜትር ይወርዳል። በእነርሱ የበጋ ወራት ፀሐይ የላይኛውን ውኃ ስታሞቀው፣ የሞቀው ቀላል በመሆኑ ከላይ ይቀራል፤ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይተኛል፤ በሁለቱ መካከልም ሙቀቱ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ በድንገት የሚወርድበት ስስ ንብርብር ይፈጠራል። ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ሳልመን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ውኃ ስለሚመርጥ፣ የሐይቅ ትራውት ደግሞ ከዚያም ወደ ቀዘቀዘው ስለሚያዘነብል፣ በሐምሌና በነሐሴ ዓሣው የሚገኘው 15 ሜትር፣ 20 ሜትር፣ አንዳንዴም ከ30 ሜትር በላይ ጠልቆ ነው። ዳውንሪገር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ኳስ በሽቦ ወደሚፈለገው ጥልቀት ይወርዳል፤ የዘንጉ ክርም በቆንጣጭ ከሽቦው ጋር ተይዞ አብሮ ይጠልቃል፤ ዓሣው ማባበያውን በነከሰ ጊዜ ክሩ ከቆንጣጩ ይላቀቅና አጥማጁ ከኳሱ ክብደት ተገላግሎ ዓሣውን ብቻ ይታገላል።

ጣና ግን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ይህን ያህል ስስ ውኃ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚያማስለው፣ ቀን ላይ የሙቀት ንብርብር ቢጀመር እንኳ ሳይውል ሳያድር ይፈርሳል። ስለዚህ ወንድምዎ በቴርሞሜትር የሚፈልጉትን ቀዝቃዛ ንብርብር በጣና መፈለግ ድካም ብቻ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ድንጋያማ ዳር፣ የወለሉ ድንገተኛ መውረጃ፣ ንጹሕና ድፍርስ ውኃ የሚገናኙበት መስመር፣ እንዲሁም ዓሣ በሊታ ወፎች ተሰብስበው የሚጠልቁበት ቦታ ነው። የዘጌ ልሳነ ምድርና የደቅ ደሴት ድንጋያማ ዳርቻዎች ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስደስት ነው። ቀረሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋትን ስለሚመገብ ማባበያ አያሳድድም። አምባዛ አልፎ አልፎ ይነክሳል፤ ሆኖም ምግቡን በጭቃው ወለል ላይ በሽታና በዳሰሳ የሚፈልግ ስለሆነ ለእርሱ ቆሞ የሚጠብቅ መንጠቆ ይሻላል። ፍለጋዎ በነጭ ዓሣ ላይ ያተኩር። ይህ በአርባ ምንጭ በዚሁ ስም ከሚጠራው ከናይል ፐርች የተለየ፣ የካርፕ ወገን የሆነ ዓሣ ነው። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሉት ይህ ወገን በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው፣ እነዚህ ዝርያዎች ከአንድ የወንዝ ዓሣ ተነሥተው በሐይቁ ውስጥ ብቻቸውን እየተለያዩ የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ሲሆኑ፣ ረዘም ቀጠን ያለ አካልና ሰፊ አፍ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ከግማሽ ሜትር በላይ ያድጋሉ። ከካርፕ ወገን የሆኑ ዓሦች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ በዝተውና ተለያይተው ዛሬም በሕይወት የሚገኙበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ የለም፤ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበሩት አልቀዋል። በመንጠቆዎ ላይ የሚመጣው ዓሣ ይህን ያህል ብርቅ መሆኑን ከመጀመሪያው እንዲያውቁ እንፈልጋለን።

ከአፋቸው አሠራር የሚመነጭ አንድ ጠቃሚ ምክር አለ። ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ከጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ጉሮሮውም ጠባብ ነው። ሳልመን በትልቅ አፉና በጥርሱ የሚይዘውን ያህል ግዙፍ ሲሳይ እርሱ ሊውጥ አይችልም፤ የሚያድነውም ከጣት ብዙም የማይበልጡትን ትንንሽ ዓሦች ነው። ስለዚህ ለሳልመን የተሠሩትን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ማባበያዎች ትተው ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን ይምረጡ። የጣና ውኃ ድፍርስ በመሆኑ ዓሣው ከሩቅ አያይም፤ ይበልጥ የሚረዳው በማባበያው መወዛወዝ የሚፈጠረው ንዝረት ስለሆነ፣ ማንኪያ መሰል የሆኑት የመዳብና የወርቅ ቀለም ማባበያዎች፣ ወይም ከፊታቸው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ያላቸውና ሲጎተቱ ራሳቸው ከ1 እስከ 3 ሜትር የሚጠልቁት ዓሣ መሰሎች ይመረጣሉ። ከጀልባው ኋላ ከ25 እስከ 40 ሜትር ክር ይልቀቁ። ማንኪያ መሰሉ ከላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ከማባበያው ሁለት ሜትር ያህል ፊት ከ10 እስከ 30 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይሰኩ፤ ክሩ እንዳይጠማዘዝም ተሽከርካሪ ማያያዣ ያስገቡበት። በሣጥኑ ውስጥ በመሃሉ እርሳስ ያለበት፣ በየ9 ሜትሩ ቀለሙ የሚለዋወጥ ገመድ ካገኙ ደግሞ እርሱ ለጣና በጣም ይስማማል፤ አንዱ ቀለም በዝግታ ሲጎተት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚጠልቅ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም መልቀቅ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ቱሪስቶችን ወደ ገዳማቱ የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ። ሞተሬ 25 የፈረስ ጉልበት አለው። አንዳንድ እንግዶች መንገዳችን ላይ ዓሣ እናጥምድ ይሉኛል፤ ዘንግም ይዘው ይመጣሉ፤ ነገር ግን እስካሁን ምንም ሲይዙ አላየሁም። ፍጥነቴ ይሆን? ሌላስ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር ምንድን ነው? (ከባሕር ዳር ወደብ)

መልስ፦ በእርግጥም ፍጥነትዎ ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዘጌ በሚጓዙበት ፍጥነት የሚጎተት ማባበያ ውኃውን እየዘለለ ከመምጣት በስተቀር ዓሣ የሚመስል እንቅስቃሴ አይኖረውም። ለሳልመንና ለትራውት የሚመከረው ፍጥነት በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለጣና ነጭ ዓሣ ከዚህ ክልል የታችኛውን ጫፍ እንዲይዙ እንመክራለን፤ ሰው ረጋ ብሎ ሲራመድ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው። ሞተርዎ በዝቅተኛው ጋዝ እንኳ ከዚያ ሊፈጥን ይችላል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወይም ከጎን አንድ ባልዲ በጠንካራ ገመድ አስረው ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ጀልባውን ይይዘዋል፤ ገመዱ ግን ከሞተሩ ምላጭ እንዲርቅ ያድርጉ። ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የሚያውቁት በቁጥር ሳይሆን በዓይን ነው፤ ክሩን ከመልቀቅዎ በፊት ማባበያውን ከጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ ያስገቡትና ይመልከቱት። ከግራ ቀኝ እየተወዛወዘ የሚሄድ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ መሰርሰሪያ የሚሽከረከር ከሆነ ፈጥነዋል፤ ሳይወዛወዝ ዝም ብሎ የሚጎተት ከሆነ ዘግይተዋል።

ቀጥ ባለ መስመር ብቻ አይሂዱ። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በግራ በኩል ያለው ማባበያ ይፈጥናል፣ ወደ ላይም ይነሣል፤ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ይዘገያል፣ ይሰምጣልም። ዓሣው የነከሰው በየትኛው በኩል እንደሆነ ካስተዋሉ፣ የዕለቱ ዓሣ ፈጣኑን ወይስ ዝግተኛውን፣ ከፍ ያለውን ወይስ ጠለቅ ያለውን እንደሚፈልግ ያውቃሉ። በኦንታሪዮና በአሜሪካ ባለው በሚሺጋን ሐይቅ ያሉ ልምድ ያላቸው ጀልባ ነጂዎች ቀኑን ሙሉ እየተጠማዘዙ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ስለ ጥንቃቄው፣ የመጀመሪያው ነገር መረብ ነው። አጥማጆች መረባቸውን ወደ ማታ ጥለው ጠዋት ያነሣሉ፤ በማለዳ ከወጡ መረቡ ገና ውኃ ውስጥ ነው። የመረብ ተንሳፋፊ ምልክት ባዩበት ቦታ ሁሉ በሰፊው ዞረው ይለፉ፤ የአንድ እንግዳ ማባበያ የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነ መረብ ቀዶ ሲያልፍ ጉዳዩ እንደ ቀላል አደጋ ሊታይ አይገባም፤ ከደረሰም ባለቤቱን ፈልጎ መካስ ግዴታ ነው። ነፋሱን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ሆኖም እየጎተተ በዝግታ የሚሄድ ጀልባ ማዕበልን በፍጥነት ከሚሻገር ጀልባ ይበልጥ ስለሚናወጥ፣ ማጥመዱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወስኑት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም አካባቢ ጉማሬ ስላለ እዚያ በዝግታ እየተንቀሳቀሱ ክር መጎተት አይገባም። እምቦጭ ባለበትም ማባበያው ወዲያው በሥር ስለሚሞላ መልፋት ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ያልብሱ፤ ዘንግ የያዘ ሰው ቆሞ ስለሚታገል ሚዛኑን በቀላሉ ያጣል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አጠቃላይ ማዕቀፉን አስቀምጧል። እንግዶችን አሳፍሮ ማጥመድን አገልግሎት አድርገው ለመሸጥ ካሰቡ፣ ከመጀመርዎ በፊት የዓሣ ሀብትን ከሚመራው የክልሉ መሥሪያ ቤት ፈቃድና ደንቡን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከውጭ የመጣ ትራውት እንደሚኖር አንብቤያለሁ። ታዲያ ለምን ትራውትና ሳልመን በጣና ውስጥ አይጨመሩም? ለቱሪዝምም ለምግብም አይጠቅሙም? (ከዘጌ)

መልስ፦ ልጃችን፣ ጥያቄሽ ብዙ አዋቂዎችም የሚያነሡት ነው። እውነት ነው፣ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ እዚያም ኖሯል፤ የኖረው ግን ወንዞቹ ከከፍታ የሚወርዱ፣ ቀዝቃዛና ፈጣን ስለሆኑ ነው። የጣና የላይኛው ውኃ አብዛኛውን ዓመት ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ትራውት በዚህ ሙቀት መጨነቅ ይጀምራል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋም ለሞት ይደርሳል። ቀደም ሲል እንዳልነው ጣና ጥልቅ ስላልሆነ ዓሣው ከሙቀቱ ሸሽቶ የሚጠልቅበት ቀዝቃዛ ክፍል የለውም። ስለዚህ አንደኛው መልስ፣ ቢጨመሩም አይኖሩም የሚል ነው።

ነገር ግን ሊኖሩ የሚችሉ ቢሆኑስ? መልሳችን አሁንም አይጨመሩ የሚል ነው፤ ይህንንም በሙሉ ልብ እንላለን። በሚሺጋን ሐይቅ ኮሆ ሳልመን እ.ኤ.አ. በ1966፣ ቺኑክ ደግሞ በ1967 የተለቀቁት ሐይቁ አስቀድሞ ስለተበላሸ ነው። ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ የባሕር ፍጥረት በመርከብ ቦይ በኩል ገብቶ፣ ከመጠን ያለፈ ማጥመድም ተጨምሮበት፣ የሐይቁን ነባር ትራውት ጨረሰው፤ የሚበላው አዳኝ ሲጠፋ ኤልዋይፍ የተባለ ሌላ መጤ ትንሽ ዓሣ ያለ ልክ ተራባ፤ በ1967 በጅምላ ሞቶ የባሕር ዳርቻዎቹን ሞላ። ሳልመን የመጣው ይህን ዓሣ እንዲበላ ነው። ያ ሐይቅ ባዶ የቀረ የአዳኝ ቦታ ነበረው። በጣና ግን ያ ቦታ ባዶ አይደለም፤ ስምንቱ ዓሣ በል ነጭ ዓሦች ይዘውታል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውንም አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች እዚያ ተለቀቀ፤ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ለመጥፋት ተቃረቡ። የናይል ፐርች ንግድ ገንዘብ አስገኝቷል፤ የጠፉትን ዝርያዎች ግን በምንም ገንዘብ መመለስ አይቻልም። ከጣና የሚጠፋ ነጭ ዓሣም ከሌላ ቦታ ሊመጣ አይችልም፤ ሌላ ቦታ የለምና። ቱሪዝምን በተመለከተ፣ ሳልመንን ለማጥመድ የሚፈልግ ሰው ወደ ካናዳ ይሄዳል፤ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው በባሕር ዳር ብቻ ያለውን ለማየት ነው።

ጥያቄ፦ በጉማራ ወንዝ መግቢያ አካባቢ በመረብ ዓሣ አጥምጄ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። በክረምት ዓሣው ወደ ወንዙ ሲወጣ መረብ አትጣሉ እንባላለን፤ ግን በዚያው ጊዜ ዘንግ የያዙ ሰዎች በሞተር ጀልባ መጥተው በወንዙ አፍ ላይ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ትልልቁን ዓሣ ያወጣሉ። ይህ ፍትሕ ነው? (ከፎገራ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፍትሕ አይደለም፤ ቅሬታዎም ተገቢ ነው። ነጭ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ ያድጋል፤ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ግን የሚራቡት በወንዝ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕና አየር የበዛበት ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ የተሰበሰበው ዓሣ፣ የሐይቁ የብዙ ዓመት ተተኪ ማለት ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ በመሆኑ፣ ትልቋ እናት ዓሣ ስትወጣ በቀላሉ አትተካም።

ጉዳቱ በግምት የሚነገር አይደለም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በጣና መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1986 በኋላ ነው፤ በተመራማሪዎች ቆጠራ መሠረት በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል ባለው ጊዜ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ከወንዙ አፍ ማጥመድ ሌላ፣ ዓሣውን ለማደንዘዝ ወደ ላይኛው ወንዝ የሚረጨው የብርብራ ፍሬ ዱቄት፣ ጠጠርና አሸዋ ማውጣት፣ እንዲሁም ለመስኖ የሚሳበው ውኃና የሚሠራው ግድብ ተደማምረው ዓሣውን ከመራቢያው ያግዱታል።

የኦንታሪዮ ሐይቅም ይህንኑ አይቷል። ሐይቁ በጥንት ጊዜ የራሱ የሆነ የአትላንቲክ ሳልመን ነበረው፤ ብዛቱም የሚያስገርም ነበር። ዓሣው ለመራባት ወደ ገባር ወንዞቹ ሲወጣ በመረብና በጦር እየተለቀመ፣ ወንዞቹ በወፍጮ ግድቦች እየተዘጉ፣ ደኑም ተመንጥሮ ውኃው እየደፈረሰና እየሞቀ ሄዶ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ላይ የሚጎተተው ማባበያ የሚይዘው ቺኑክ ሳልመን ከፓስፊክ ዳርቻ የመጣ፣ ብዛቱም በከፊል በሰው እጅ በሚፈለፈል ጫጩት የሚደገፍ ዓሣ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማንም ሰው፣ መረብ ያለውም ዘንግ ያለውም፣ ከወንዞቹ አፍ መራቅ አለበት። ለመዝናናት የሚያጠምደው ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊርቅ ይገባዋል፤ እርስዎ የሚተዉት የልጆችዎን ራት ነው፣ እርሱ የሚተወው የአንድ ቀን መዝናኛ ነው። ዘንግ ይዘው የሚመጡ እንግዶችን የሚያሳፍሩ ጀልባ ነጂዎችም በዚህ ወቅት ወደ ደሴቶቹ ዳርቻ እንጂ ወደ ጉማራና ወደ ርብ አፍ እንዳያደርሷቸው እንለምናለን። የመንደራችሁ አጥማጆች ማኅበር ካለው፣ ቅሬታውን በማኅበሩ ስም በጽሑፍ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ፤ የጀልባውን ምልክት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ማቅረብ በቃል ከመናገር ይበልጥ ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ በመንጠቆ የተያዘ ነጭ ዓሣ ቢለቀቅ ይተርፋል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ በአግባቡ ከተያዘ ይተርፋል። ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ዓሣው ብዙ እንዲታገል አይተዉት፤ ጠንከር ያለ ክር ይዘው ቶሎ ያምጡት። ሦስት አፍ ያለውን መንጠቆ በአንድ አፍ መንጠቆ ይለውጡ፤ የመንጠቆውን እሾህም በጉጠት ይጫኑት። እጅዎን ሳያረጥቡ አይንኩት፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልባጩን ይልጣል። ከተቻለ ከውኃ ሳያወጡ መንጠቆውን ይንቀሉት። መተንፈሻ ስንጥቡ የሚደማ ዓሣ ግን ብዙ ጊዜ አይድንም፤ እንዲህ ያለው ወደ ቤት ይሂድ። ነጭ ዓሣ ጥቃቅን አጥንቱ ብዙ ስለሆነ፣ ሥጋውን ከጎኑ በተቀራረበ መስመር እስከ አጥንቱ ሸንትረው በጋለ ዘይት ቢጠብሱት አጥንቱ ተጠብሶ ይሰባበራል።